ታዳጊውን እናሳድግ ወይስ እንሽጥ?



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከፓዌ የተላከ ነው። ጸሐፊው አርሶ አደር አባት ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ወላጆቻቸው ከወሎ ይዘዋቸው ወደ በለስ ሸለቆ ሲመጡ የሰባት ዓመት ልጅ እንደነበሩ፣ ዛሬ ሰሊጥና አኩሪ አተር እያመረቱ አምስት ልጆች እንደሚያሳድጉ ይነግሩናል። ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ስለ ወንድ ልጃቸው፣ የመጨረሻው ደግሞ ስለ ሴት ልጃቸው ይናገራል። እኛ ግን ደጋግመን ስናነበው ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ሆነው ስላገኘናቸው አብረን ልንመልስ ወደናል።

ልጁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከዒሻ ሰላት በኋላ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት ስልክ ላይ ተደፍተው ያመሻሉ። የስልክ ካርድ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። አባት ሲጠይቁት “ቡድን እያስተዳደርኩ ነው” ይላቸዋል። አንድ ቀን ከፍራሹ ሥር ደብተር አገኙ። ሲከፍቱት “ገቢ”፣ “ወጪ”፣ “ደመወዝ” የሚሉ ዓምዶች፣ በየሳምንቱም የተመዘገበ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ገንዘብ አዩ። “ልቤ ቀጥ አለ። ልጄ ቁማር ገብቷል ብዬ ደመደምኩ” ይላሉ። ስልኩን ነጥቀው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ ለእህቱ ግን “እኔ ሳልገባ ሁለት ሳምንት ካለፈ ቡድኔ ይከስራል” ብሎ ማልቀሱን ሰሙ። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይም “ቁጥር 7ን አልሸጥም፤ ገና 18 ዓመቱ ነው” የሚል ጽሑፍ አገኙ። ጥያቄያቸውም፣ “ይህ ነገር ቁማር ነው ወይስ ጨዋታ? ወይስ ልጄ አእምሮው ተነክቷል?” የሚል ነው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ያላየነውን ነገር እንዳንፈርድበት ስንል መጀመሪያ ልጆቹ የሚጫወቱትን ለማወቅ ሞከርን። በበይነ መረብ ላይ የስፖርት ቡድን የማስተዳደር ጨዋታዎች ብዙ ናቸው። በእግር ኳስ በኩል እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን የተጀመረው ሃትሪክ ታዋቂ ነው። በቅርጫት ኳስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው በዘርቢተር አለ፤ የፓዌው ልጅ የሚጫወተው ይህንኑ ነው። በዚህ ጨዋታ ጣት እያፈጠኑ መተኮስ፣ ማሯሯጥ የሚባል ነገር የለም። ተጫዋቹ የአንድ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል። አሰልጣኝ ይቀጥራል፣ የትኬት ዋጋ ይወስናል፣ ሜዳውን ያስፋፋል፣ ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል። ግጥሚያው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን አንድ የውድድር ዘመን 14 ሳምንት ይፈጃል። ገንዘቡ የጨዋታው ገንዘብ እንጂ የእውነት ብር አይደለም፤ ለመጫወትም መክፈል ግዴታ አይደለም። እንግዲህ ወንድማችን በደብተሩ ላይ ያዩት መቶ ሺህ ከማንም ኪስ አልወጣም፤ ወደማንም ኪስም አልገባም።

እኛም አንድ ቡድን ከፍተን ሙሉ አንድ የውድድር ዘመን ተጫወትን። ውጤቱን ብንናገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን ትምህርት ስላለበት አንደብቀውም። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጨዋታ ተሸነፍንና ተናደድን። በካዝናችን ያለውን ገንዘብ ሁሉ አውጥተን ዕድሜው 31 የሆነ፣ ከቅርጫቱ ሥር የሚቆም አንድ ረጅም ሴንተር ገዛን። አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን፤ ደስ አለን። ነገር ግን የዚያ ሰው የሳምንት ደመወዝ የሌሎቹን አምስት ተጫዋቾች ደመወዝ ያህል ነበር። በዘጠነኛው ሳምንት ካዝናችን ባዶ ሆነ። ደመወዝ ለመክፈል ስንል በዕጣ ያገኘነውን የ18 ዓመት ልጅ ሸጥን። ያ ልጅ የዘመኑ መጨረሻ ላይ በሌላ ቡድን ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ ስናይ የተሰማንን ጸጸት ለእናንተው እንተወዋለን።

ሚዛኑ የት ላይ ነው?

የጨዋታው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ታዳጊ ተጫዋች በዕድሜ ከገፋው ይልቅ ቶሎ ይማራል። የ18 ዓመቱ ልጅ በአንድ ዓመት የሚያገኘውን ችሎታ የ30 ዓመቱ ሰው አያገኘውም። ደመወዙም ትንሽ ነው። ስለዚህ “ታዳጊ ሰብስቦ ማሰልጠን ነው” ብሎ መናገር ቀላል ነው። ነገር ግን ሥልጠና በነጻ አይገኝም፤ ዋጋው ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ዋጋ ሽንፈት ነው። ተጫዋች በሳምንቱ ሥልጠና ሙሉ ጥቅም እንዲያገኝ በሜዳ ላይ 48 ደቂቃ ያህል መጫወት አለበት፤ ያውም ሥልጠናው በሚሰጥበት ቦታ። ኳስ ማቀበል እንዲማር የተፈለገ ረጅም ልጅ ከቅርጫቱ ሥር ወጥቶ በኳስ አመላላሹ ቦታ ይሰለፋል፤ ኳስ ይነጠቃል፣ ቡድኑም ይሸነፋል። ተመልካች ሲቀንስ የበሩ ገቢ ይቀንሳል። ማሰልጠን የሚፈልግ ሰው ዛሬ ለመሸነፍ መቁረጥ አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ደመወዝ ነው። የሠለጠነ ተጫዋች ደመወዙ በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያ እንደ ችሎታው እንደገና ይታሰባል። በአንድ ሙያ ብቻ ያበጠ ሴንተር በተለይ ውድ ነው። ሳያስብ ያሠለጠነ ሥራ አስኪያጅ በራሱ ጉልበት ያሳደገው ልጅ ራሱን ሲያከስረው ያያል። ብልህ የሆነው ግን ዘመኑ ከማለቁ በፊት ቁጭ ብሎ ያሰላል፤ “የትኛውን መያዝ እችላለሁ? የትኛውን ደግሞ በጥሩ ዋጋ ሸጬ ለቀጣዩ ታዳጊ አውለዋለሁ?” ይላል።

ሦስተኛው ዋጋ ትዕግሥት ነው። ሥልጠና በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ማንም ቸኩሎ ሁለት ሊያደርገው አይችልም። ሁሉን በአንድ ጊዜ ላሠልጥን ያለም ጥቅሙ ይበተንበታል፤ በአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ልጆች ላይ ያተኮረ ግን ፍሬ ያያል።

በፓዌ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ገንዲ ከብት በሚፈጅበት አገር ጊደር ያሳደገ አባወራ ያውቀዋል። ጊደሯ ዛሬ ወተት አትሰጥም፤ ትበላለች፣ መድኃኒት ትፈልጋለች። ዕዳ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። የሸጣት ሰው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ወተት ከጎረቤት ይገዛል።

በእውነተኛው ሜዳ ስናይ

ይህ ሚዛን በስልክ ላይ ብቻ ያለ አይደለም። በአገራችን እግር ኳስ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን አነሳ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሊጉ ወረደ። አንድ ዋንጫ ለነገ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ ምን ያሳያል? ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት ሲሆን፣ የተጫዋች ደመወዝ እየናረ በመሄዱ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ እስከ መወሰን ደርሶ ነበር። ያለቀለት ተጫዋች መግዛት ታዳጊ ከማፍራት ስለሚቀል ነው ነገሩ እዚህ የደረሰው።

በሌላ በኩል በቆጂን እንመልከት። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በእጃቸው ያለፉት ልጆች ግን ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ናቸው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ዓለም ያየው ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት በብርድ ማለዳ የተሮጡትን ዓመታት ያየ ጥቂት ሰው ነው።

በቅርጫት ኳስ ዓለምም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ከዋና ዋና ተጫዋቾቹ አንዱ የሆነው አርጀንቲናዊው ማኑ ጂኖቢሊ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመረጠው በ57ኛ ተራ ነበር። ቡድኑ ልጁን ሦስት ዓመት በአውሮፓ ሲያድግ ጠብቆት በ2002 አስመጣው። ስንት ቡድን አልፎት እንደሄደ ቁጥሩ ይናገራል።

ሙስሊም ወጣቶቻችን ሐኪም ኦላጁዎንን ያውቁታል ብለን እናምናለን። በናይጄሪያ ሌጎስ በእግር ኳስና በእጅ ኳስ ነበር ያደገው፤ ቅርጫት ኳስ የጀመረው ዘግይቶ በአሥራዎቹ ዕድሜው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመጀመሪያውን ዓመት ለውድድር ሳይሰለፍ ሲሠለጥን አሳለፈ። በ1984 በመላ አሜሪካ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። በ1994 እና በ1995 ሂውስተን ሮኬትስን ለሻምፒዮንነት አበቃ፤ ረመዳን ሲገባም እየጾመ ይጫወት ነበር። ቤትና መሬት ሲገዛ ከወለድ ለመራቅ ሲል በእጁ ባለ ገንዘብ ብቻ እንደሚገዛም በተደጋጋሚ ተዘግቧል። እንግዲህ ማደግ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ በዕዳ የተገዛ ነገርም ሸክም እንደሆነ ከዚህ ሰው መማር ይቻላል።

ድንበሩ የት ነው?

ይህን ሁሉ ስንል ጨዋታው ጉዳት የለውም ማለታችን አይደለም። ወጣት ወንድማችን ሆይ፣ አሁን ለአንተ ነው የምንናገረው። አባትህ የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ጨዋታው ራሱ ቀስ ያለ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡት ይበቃዋል። የቀረውን ምሽት የሚበላው ጨዋታው ሳይሆን ስልኩ ነው። የሱብሒ ሰላትና የጠዋት ትምህርት ካመለጠህ ቡድንህ ቢያሸንፍም አንተ ተሸንፈሃል።

ሁለተኛ፣ የምትሞላው ካርድ የቤተሰብ ገንዘብ ነው። በጨዋታው ውስጥ የሳምንት ወጪህን እየመዘገብክ፣ የእውነቱን የካርድ ወጪ ግን ያልመዘገብክ ለምንድን ነው? ደብተርህ ውስጥ ያ ዓምድ የለም።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ የቡድን ማስተዳደር ጨዋታ ከውርርድ ቤት ጎረቤት መሆኑ ነው። ባለፉት ዓመታት በየከተማው “ቤቲንግ” ቤቶች ሲስፋፉ አይተናል። ስለ ተጫዋቾች አቋም፣ ስለ ውጤት ግምት በማሰብ የሠለጠነ አእምሮ “ይህን እውቀቴን ለምን ብር አላደርገውም?” ወደሚል ሐሳብ መንሸራተት ይቀለዋል። ከጓደኞችህ ጋር “የተሸነፈ ካርድ ይሞላል” ተባብላችሁ እንደሆነ እሱ ራሱ ውርርድ ነው፤ ቁማር በዲናችን ሐራም ስለመሆኑ ክርክር የለም። ያ መስመር ከመጀመሪያው ይዘጋ።

ስለ ልጅቷ

ውድ ወንድማችን፣ አሁን ወደ ደብዳቤዎ የመጨረሻ ገጽ እንመለስ። ትልቋ ልጅዎ 11ኛ ክፍል ናት። ዓምና በሰሊጥ ላይ ከነጋዴ የወሰዱት ብድር አልተከፈለም። “ለአንድ ዓመት ብቻ ትምህርቷን አቋርጣ ቻግኒ ከእህቴ ዘንድ ሱቅ ብትሠራ ዕዳው ይቃለል ነበር” ይላሉ። “ደግሞስ በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ያህሉ ብቻ አለፉ ተብሏል፤ ለምን እደክማለሁ?” ብለው ይጠይቃሉ።

ቁጥሩ እውነት ነው። በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በጥቂቱ ከፍ ቢልም ዛሬም አነስተኛ ነው። ቀላል ነው ብለን አናታልልዎትም። ነገር ግን ልጅዎ “ቁጥር 7ን አልሸጥም፤ ገና 18 ዓመቱ ነው” ብሎ ሲጽፍ እርስዎ አእምሮው ተነካ ብለው ፈሩ። እኛ ግን ከዚያ ቤት ውስጥ በዚያች ሳምንት ትክክለኛውን ሒሳብ የሠራው እሱ ይመስለናል።

ልጅ ግን ከተጫዋችም ትለያለች። በጨዋታው ውስጥ የእያንዳንዱ ታዳጊ የዕድገት ጣሪያ በጽሑፍ ይታያል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለውን መሸጥ ይቻላል። የልጅዎ ጣሪያ የት እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እርስዎ ዘንድ ያለችው በአማና ነው። ፈተናውን ባታልፍም 12ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ሌላ በር አላት፤ የፓዌ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደጃችሁ ነው፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም አለ። ከ11ኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ግን እነዚህም በሮች ይጠቡባታል። “ለአንድ ዓመት ብቻ” ተብሎ የተቋረጠ ትምህርት ስንቴ ለዘለዓለም እንደቀረ እርስዎም በመንደርዎ ያዩ ይመስለናል።

ታዲያ ዕዳው በምን ይከፈል? ደብዳቤዎን ስናነብ በሁለተኛው ገጽ ላይ በአንዲት መስመር ያለፉት ነገር አለ። ዓምና ሰሊጥ ጥሩ ዋጋ ባወጣ ጊዜ ከብድሩ ጨምረው ሞተር ብስክሌት ገዝተዋል፤ “አሁን ቤንዚን እየጠፋ ቆሟል” ይላሉ። ወንድማችን፣ ቅር አይበልዎት፤ እኛም የገዛነው ያን ውድ ሴንተር ነበር። ሞተሩ ቢሸጥ ዕዳው ሁሉ አይዘጋ ይሆናል። ነገር ግን በእኛ ግምት መጀመሪያ ገበያ መውጣት ያለበት እሱ ነው። በሞተር መሄድ የለመደ ሰው ተመልሶ በእግር ሲሄድ ሰው እንደሚያየው እናውቃለን፤ ይሉኝታ ከዕዳ ይብሳል። ቢሆንም ታዳጊ የሚያሠለጥን ቡድን ዛሬ መሸነፉን ይቀበላል ያልነው ይህንኑ ነው።

ምን ይደረግ?

ለዚህ ቤተሰብም፣ ተመሳሳይ ጉዳይ ላላችሁ ሁሉም የሚከተለውን እንመክራለን።

1. ስልኩ ከሳጥን ይውጣ፤ ነገር ግን በስምምነት። የጨዋታው ቀንና ሰዓት በሳምንት ተወስኖ ይጻፍ፣ የካርዱም ወጪ ልክ ይበጅለት። ፈተና ሲቀርብ ይቋረጥ። ቡድኑ ቢከስር ምንም አይደል፤ ኪሳራን በጨዋታ መማር በእርሻ ከመማር ይረክሳል።

2. አባት አንድ ምሽት ከልጁ ጎን ተቀምጠው ቡድኑን ይዩ። “ቁጥር 7 ማነው? ለምን አትሸጠውም?” ብለው ይጠይቁት። ልጅ በሚያውቀው ነገር ሲጠየቅ በማያውቀው ነገር ምክር ለመቀበል ልቡ ይከፈታል።

3. ልጁ ለቡድኑ የከፈተውን ዓይነት ደብተር ለቤቱም ይክፈት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢቻል ከጁሙዓ በኋላ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ገቢና ወጪውን ያንብብ። የሰሊጡ፣ የአኩሪ አተሩ፣ የብድሩ ቀሪ፣ የስልክ ካርዱም ሳይቀር ይጻፍ። እናትም ልጅቷም ይናገሩ። የቤቱን ዕዳ በልክ የሚያውቅ ልጅ ካርድ ሙሉልኝ ብሎ አያስጨንቅም።

4. ከነጋዴው ጋር የሚደረገው ንግግር በቃል ብቻ አይቅር። ሞተሩ ሲሸጥ ምን ያህሉ አሁን፣ ምን ያህሉ በሚቀጥለው ምርት እንደሚከፈል በምስክር ፊት ይጻፍ። ሌላ ብድር ወስዶ ይህን መክፈል ግን ጉድጓድ በጉድጓድ መድፈን ነው።

5. ልጅቷ ትምህርቷን ትቀጥል። መርዳት ከፈለገች በክረምት ወራት ከአክስቷ ዘንድ ሄዳ ትሥራ፤ መስከረም ሲጠባ ግን ከክፍሏ ትገኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ከወሎ ወደ በለስ የመጡት ያ የሰባት ዓመት ልጅ በዚያ ዘመን ለማንም ትርፍ አፍ ብቻ ነበሩ። ወላጆቻቸው በርሃብና በማያውቁት አገር በሽታ መካከል ይዘዋቸው ቆዩ፤ ዛሬ የአምስት ልጆች አባት ሆነው ደብዳቤ ይጽፉልናል። ወንድማችን መልሱን ከእኛ በፊት በራሳቸው ሕይወት ያውቁት ነበር ማለት ነው። የሚወስኑትን ቢጽፉልን በዚሁ ዓምድ ደስ እያለን እናወጣዋለን። ልጃቸውም ስለ ቁጥር 7 ቢጽፍልን አንጠላም፤ እኛም አዲስ ታዳጊ ይዘናል፣ ምክር ያስፈልገናል።

አላህ ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ ወስሰላሙ ዐለይኩም።